መኪና በየአገሩ፤ ከወረታ መገንጠያ ላይ ሲታይ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የተሰጠን አርእስት «የመኪና ገበያ በልዩ ልዩ አገሮችና የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት» የሚል ነው። አርእስቱን በሰማን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን፣ «ብስክሌት እንኳ የሌለን ልጆች ስለ መኪና ገበያ ምን እንናገራለን?» ብለን ነበር። ጥቂት ካሰብን በኋላ ግን ነገሩ የኛም ጉዳይ እንደ ሆነ ተረዳን።

ከተማችን ወረታ የምትኖረው በመንገድ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ የሚለያዩት እዚሁ ነው። የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ወደ ገበያ የሚወጣው በመኪና ነው፤ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚደርሰው፣ ብዙ ተማሪም ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው በባጃጅ፣ በሚኒባስ ወይም በጋሪ ነው። ደረቅ ወደብም በከተማችን አለ። ስለዚህ በዓለም የመኪና ገበያ ላይ የሚሆነው ሁሉ፣ ቢዘገይም እንኳ፣ ከኛ መገንጠያ መድረሱ አይቀርም።

በንግግራችን ውስጥ «ዓ.ም.» ስንል የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» ስንል የኤውሮጳን አቆጣጠር ማለታችን መሆኑን አድማጮቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። የቤንዚን መኪና ነዳጁን በሞተሩ ውስጥ እያቃጠለ በፍንዳታው ኃይል ይሄዳል፤ ስለዚህ ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት፣ ራዲያተር፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከባትሪው በሚያገኘው ኃይል ሞተሩን ያዞራል፤ የሚቃጠል ነዳጅ የለውም፤ ጭስም አያወጣም። የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከአምስት እጅ አንዱን፣ ቢበዛም ሲሶውን ያህል ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ከባትሪው የተቀበለውን ኃይል አብዛኛውን ለጎማው ያደርሳል።

ይህ መኪና ትናንት የተፈለሰፈ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1899 ካሚል ዠናትዚ የተባለው ቤልጅጋዊ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳው መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር፤ ከመኪናዎች ሁሉ ይህን ፍጥነት በመጀመሪያ ያለፈውም እርሱ ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የኤሌክትሪክ፣ የእንፋሎትና የቤንዚን መኪናዎች ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። በኋላ ቤንዚን ያሸነፈው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሄንሪ ፎርድ ከ1908 ጀምሮ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና እጅግ በብዛትና በርካሽ ሠራ። ሁለተኛ፣ ከ1912 ጀምሮ መኪናን በእጅ እያዞሩ ማስነሣት ቀርቶ በኤሌክትሪክ ማስነሻ ተተካ። ሦስተኛ፣ የማዕድን ዘይት በብዛት ተገኘ፤ የዚያን ጊዜው ባትሪ ግን ከባድና አቅመ ደካማ ነበር።

ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያደረሰው በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ መኪናውንም ነዳጁንም ከውጭ እየገዛን ኖረናል።

አሁን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ገበያ እንለፍ።

ኖርዌይ 5 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት አገር ናት። ራሷ የማዕድን ዘይት አውጥታ ትሸጣለች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት 100 አዳዲስ መኪናዎች 89 ያህሉ፣ በ2025 ደግሞ 96 ያህሉ ፍጹም የኤሌክትሪክ ነበሩ። ምሥጢሩ ምንድር ነው? የኖርዌይ መንግሥት ከ1990 ጀምሮ ከኤሌክትሪክ መኪና ላይ ቀረጡን እያነሣ፣ በቤንዚኑ ላይ ግን ግብሩን እያከበደ መጣ። ይህንንም ሠላሳ ዓመት ያህል ሳያወላውል ያዘ። ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ ኃይሏ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከወራጅ ውሃ የሚገኝ ነው።

ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ትልቁ የመኪና ገበያ ናት። በ2024 በዚያ ከተሸጡት አዳዲስ መኪናዎች፣ ቤንዚንና የሚሞላ ባትሪ የሚያጣምሩትን ጨምሮ፣ ግማሽ ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። በዓለም ከሚሠሩት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከ10 ሰባቱ ያህል የሚወጡት ከቻይና ፋብሪካዎች ነው። ቻይና በቤንዚን ሞተር ሥራ ጀርመንንና ጃፓንን መቅደም ከባድ መሆኑን አይታ፣ በባትሪው መንገድ ገባች፤ ማዕድኑን ማጣራት፣ ባትሪውን መሥራት፣ መኪናውን መገጣጠም ሁሉንም በእጇ አደረገች። እንግዲህ ኖርዌይ ገዝታ ነው የተለወጠችው፤ ቻይና ግን ሠርታ ነው።

አሜሪካ በነፍስ ወከፍ ብዙ መኪና ካላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከ1,000 ሰው ከ800 የሚበልጥ ተሽከርካሪ ይደርሳል። ነገር ግን በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ፍጹም የኤሌክትሪክ የሆኑት ከ100 ስምንት ያህሉ ብቻ ነበሩ። አገሪቱ በዓለም ትልቋ የማዕድን ዘይት አምራች ናት፤ ቤንዚኑ ከኤውሮጳ ዋጋ ይረክሳል፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሕዝቡም ትልልቅ መኪና ይወድዳል። ለገዢ ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽም እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 አበቃ።

ጀርመን ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። መንግሥቷ ለገዢዎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ በታኅሣሥ 2023 በድንገት አቆመ፤ በተከታዩ ዓመት የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭ ከሩብ በላይ ወደቀ። በ2025 መልሶ አንሠራራ፤ ሆኖም ገበያ የሕግ መዋዠቅን እንደማይወድድ በግልጥ ታየ።

ጃፓን ቤንዚንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ የሚሠራውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ያስተዋወቀች ናት፤ በዚያ ስለ ረካች ፍጹም የኤሌክትሪክ መኪና በገበያዋ ከ100 ሦስት እንኳ አልሞላም። አዲስ አበባ ላይ የምናየው ቪትዝና ኮሮላ፣ በኛም መንገድ የሚመላለሰው አባዱላና ዶልፊን አብዛኛው የጃፓን ሥራ ነው።

ለኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የኔፓል ታሪክ ነው። ኔፓል እንደ ኛ ተራራማ ናት፤ እንደ ኛ የባሕር በር የላትም፤ እንደ ኛ ነዳጅ የላትም፤ እንደ ኛም ወራጅ ውሃዋ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በሕንድ ድንበር በኩል የሚገባው ነዳጅ ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ሕዝቧ ብርቱ ችግር አየ። ከዚያ ወዲህ መንግሥቷ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያለውን ቀረጥ አሳነሰ፤ ባለ ሀብቶችም ባትሪ መሙያ ጣቢያዎችን በአውራ ጎዳናው ዳር ተከሉ። ዛሬ ወደ አገሯ ከሚገቡት አዳዲስ የመንገደኛ መኪናዎች ከግማሽ እጅግ የሚበልጡት የኤሌክትሪክ ናቸው።

ከነዚህ አገሮች የምንማረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሰው መኪናውን የሚለውጠው ዋጋው ሲቀንስለት፣ ባትሪውን የሚሞላበት ሥፍራ ሲያገኝ፣ ሲበላሽበት የሚጠግንለት ሰው ሲኖርና ሕጉ ነገ እንደማይለወጥበት ሲያምን ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ገበያው ያነክሳል።

እንግዲህ አገራችንን በዚህ ሚዛን እንመዝናት። ኢትዮጵያ ከ120 ሚሊዮን ለሚበልጠው ሕዝቧ ያላት ተሽከርካሪ 1.2 ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ይህም ለ1,000 ሰው 10 ያህል ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነ፤ የጉምሩክ ቀረጡም ተሠርቶ ላለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ሲሆን፣ ፈጽሞ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ቀረጡ ቀረ። በመጨረሻም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ፣ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በመወሰን ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር 100,000 መድረሱን መንግሥት ገልጧል፤ አብዛኞቹም የቻይና ሥራ ናቸው።

ለዚህ ውሳኔ የተሰጠው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። አገራችን በየዓመቱ ለነዳጅ ቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። በሌላ በኩል ከኤሌክትሪክ ኃይላችን ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ከውሃ የሚገኝ ነው። እዚህ ላይ የፎገራ ልጅ ቀና ብሎ ሊናገር ይገባዋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው፣ ሜዳችንን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ የጣና በለስ ማመንጫም 460 ሜጋዋት እንዲሰጥ ተሠራ፤ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በበጋ ጎርፉ ሲጎድል የምንሻገረው የርብ ውሃ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ድርሻ አለው።

ይሁን እንጂ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት እዚህም ላይ ይሠራል። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። በከተማችንም መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርተን ያጠናንበት ሌሊት ጥቂት አይደለም።

አሁን ደግሞ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን በራሳችን መንገድ ላይ እንፈትን። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ግድም ስለ ሆኑ አቀበቱ 900 ሜትር ያህል ይሆናል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት 4 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል። ለመንገዱ ርዝመት፣ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ብንቆጥር፣ 6 ከሩብ ገደማ ይጨመራል። ስለዚህ ሲወጣ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ሲወርድ ግን ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ የቤንዚን መኪና በቁልቁለቱ ፍሬኑን ያግላል እንጂ አንድ ጠብታ ቤንዚን አይመልስም፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ግን ወደ ዲናሞነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። ከአቀበቱ ኃይል ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን ቢመልስ፣ የመመለሻው መንገድ 4 ያህል ብቻ ይፈጃል። ደርሶ መልሱ 15 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህል ኃይል ደግሞ በተራ የቤት ሶኬት፣ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ብንሞላ፣ በ8 ሰዓት ሌሊት እናገኛለን።

ወጪውን እናስተያይ። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር እንኳ ብንቆጥረው ደርሶ መልሱ 150 ብር ነው። የቤንዚኑ መኪና ለ84 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ከግማሽ ገደማ ቢጠጣ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዱ ሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ስለ ነበረ፣ ሂሳቡ ከ850 ብር ያልፋል። ዋጋውም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። በወረታ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠውን ቤንዚን ዋጋ የባጃጅ ነጂዎች ከኛ የበለጠ ያውቁታል።

ከመካከላችን የአንዱ አባት ባጃጅ ነጂ ናቸው። ይህን ሂሳብ ወስደን ባሳየናቸው ጊዜ በጥሞና ተመለከቱትና ጥያቄ ጠየቁን፤ ባጃጁን ማን ይገዛልኛል? መብራት በጠፋ ቀን ልጆቼ ምን ይበላሉ? ባትሪው ሲሞት አዲሱ ስንት ብር ነው? ብለው። ለሦስቱም ሙሉ መልስ አላገኘንም። ከዚያም አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድን፤ እርሳቸውም ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ሙያ፣ ካርቡራተርና ፍሪሲዮን፣ ከእጃቸው ሊወጣ እንደ ሆነ ተናገሩ። እኛ ይህን ስንሰማ አዘንን፤ ሥልጣኔ ሲመጣ የሚመጣው በሰው ኑሮ ላይ ተራምዶ መሆን እንደሌለበትም ተረዳን።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ አለ። ባትሪ መሙያዎቹ አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ስለ ሆኑ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በወረታ በቂ ጣቢያ እስኪቆም ድረስ የኤሌክትሪክ መኪና የከተማ መኪና ሆኖ ይቀራል። የጭነት መኪናውም ቢሆን አሁንም የሚሠራው በብዛት በናፍጣ ነው።

አንዳንድ አባቶች፣ «የሀብታም መኪና ለገበሬ ምኑ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በፎገራ ሜዳ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣው መኪና ብቻ እንዳልሆነ እናስታውስ። የመስኖ ውሃ የሚስበው ሞተር፣ ሩዝ የሚፈለፍለውም ወፍጮ በብዙ ሥፍራ ነዳጅ ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በሆነው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ነዳጅ ሲጠፋ፣ የአንዱ ጓደኛችን ቤተ ሰብ ሽንኩርት ወንዝ አጠገብ ሆኖ ደረቀ። ውሃው ነበረ፤ የሚስበው ሞተርም ነበረ፤ ያልነበረው በባሕር አቋርጦ የሚመጣው ነዳጅ ብቻ ነው። በዚያች ዓመት ያ ጓደኛችን የደብተር መግዣ አጥቶ ነበር። ስለዚህ ለፎገራ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጥቅም የሚያብረቀርቀው አውቶሞቢል ሳይሆን፣ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ሞተር፣ ቀጥሎም ባጃጅና ሚኒባስ ይመስለናል። ባጃጅ ቀላል ስለ ሆነ ከ7 እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለአንድ ቀን ሥራ ሊበቃው ይችላል።

አዲስ ነገር በፎገራ አይበቅልም የሚል ካለ ሩዙን ይመልከት። ሩዝ በደርግ ዘመን ወደ ሜዳችን ሲገባ ገበሬው አልለመደውም ነበር። ዘሩ ውሃ ለሚተኛበት መሬት ስለ ተስማማ፣ መፈልፈያው ስለ ቀረበና ገበያው ስለ ተገኘ ግን፣ ዛሬ ፎገራ በሩዝ ስሟ በአገሩ ሁሉ ይጠራል፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም የተቋቋመው በከተማችን ነው። ዘሩ ብቻ መጥቶ መፈልፈያው ባይመጣ ኖሮ ሩዙ ምን ይጠቅም ነበር? መኪናውም እንዲሁ ነው፤ ከመሙያው፣ ከጠጋኙና ከመለዋወጫው ጋር ካልመጣ፣ በደጃፍ የሚቆም ብረት ይሆናል።

ስለዚህ በትሕትና የምናሳስበው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሥልጣን ላላችሁ አባቶቻችን፤ በመገንጠያው ላይ ባትሪ መሙያ ጣቢያ እንዲቆም፣ የመብራቱም መጥፋት እንዲቀንስ አስቡልን። ባለ ባጃጅም አዲሱን የሚገዛበት ብድር ሳያገኝ አሮጌውን እንዲተው አይገደድ። ሁለተኛ፣ ለጋራዥ ባለቤቶች፤ ሙያችሁ አልሞተም። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የፊት እግሩ፣ ቦዲው ያው ነው፤ የቀረውን መማር ይቻላል። ነገር ግን ብርቱካናማ ቀለም የተቀባው ወፍራም ሽቦ የብዙ መቶ ቮልት ኃይል ስለሚያልፍበት፣ ሳይሠለጥን የሚነካካው ሰው ነፍሱን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሥልጠናው ከመኪናው እንዲቀድም ያስፈልጋል። ያረጀውንም ባትሪ በየሜዳው መጣል ለከብቶቻችንና ለጣና ውሃ ጠንቅ ነው። ሦስተኛ፣ ለኛ ለተማሪዎች፤ የኤሌክትሪክ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠና አይሁን። ነገ ያ መካኒክ አባታችን ፊት ቆመን፣ «ይህን እንዲህ እናድርገው» ብለን ልናግዛቸው የሚገባን እኛ ነን።

ከመደምደማችን በፊት አንድ ታሪክ እናስታውስ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ተጭኖ፣ መንገድ እየተቆፈረለት፣ በሰው ጉልበት እየተሳበ መቅደላ ደረሰ። መድፉ ለንጉሠ ነገሥቱ የታሰበውን ያህል አልጠቀማቸውም። የንጉሠ ነገሥቱ አሳብ ግን ዛሬም ይሠራል፤ የውጭውን ዕቃ መግዛት ብቻ ሳይሆን የውጭውን ጥበብ ወደ አገር ማስገባት ነበር። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲገጣጠም የዚያ አሳብ ትንሽ ፍሬ አይተናል። ከነዳጅ ጥገኝነት ወጥተን ባትሪና መለዋወጫ እየጠበቅን የምንቀመጥ ከሆነ ግን፣ ጌታ ለወጥን እንጂ ነጻ አልወጣንም።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ሌሎች ተማሪዎች በዚሁ መድረክ ቆመው ይህን መጽሐፍ ገልጠው ሲያነቡ፣ በመገንጠያው ላይ የሚያልፈው መኪና ጭስ የሌለው፣ የሚጠግነውም የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ እንዲያገኙት ምኞታችን ነው። በወንዝ ዳር የሚደርቅ ሽንኩርትም እንዳይኖር።